ስለ ሦስት መደብ ካሮትና ስለ አባባ ዐይን

እኔ፣ በቤቱ ሁሉ «ቃሪያ» ተብዬ የምጠራ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ይህ ኑዛዜ የሰፈረበት ወረቀት ከታላቅ ወንድሜ የሂሳብ ደብተር በስውር የተገነጠለ መሆኑን በቅድሚያ አምናለሁ። ይህን ካመንኩ በኋላ፣ ዛሬ ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ (እናቴ «መቼ ኖሮሽ ነው የሚናወጠው» ማለቷ ባይቀርም) የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። በሽታ የለብኝም። ሆኖም ወረቀቱ እናቴ እጅ ሲገባ እንደማልተርፍ አውቄዋለሁ።

ምስክሬ ሴት አያቴ እማማ ናቸው። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል እየጻፍኩ፣ እየጮኽኩ አነብላቸዋለሁ።

አንደኛ፤ መስኮት ላይ በወተት ጣሳ የተከልኳት ቲማቲም ለታናሽ እህቴ ትሁን። ጠዋት ጠዋት ታጠጣት እንጂ ባዘነችላት ቁጥር አታጥለቅልቃት።

«ማን ሞተ?» አሉ እማማ።

«ቲማቲም ነው ያልኩት!»

«እሷም ሞተች?»

ሁለተኛ፤ ለአጎቴ የምተወው ምክር ብቻ ነው። ነገ ግንበኛ አምጥቶ የወንድ አያቴን የአባባን ጓሮ ሲሚንቶ ሊያለብስ፣ መኪናውን ሊያቆምበት ነው። መኪናዋ ከተነሳች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ የፊት መብራትም የላትም። በዚህ ቤት ዐይኑ የጠፋ ካለ እሷ ናት።

ሦስተኛ፤ ዕዳዬ። የአባባ ሦስት መደብ ካሮት አለብኝ።

ከሁለት ወር በፊት አባባ «ቀጫጭኑን ቅጠል ተዪው፣ ሰፋፊውን ንቀዪ» ሲሉኝ ጆሮዬ ውስጥ ዘፈን ነበርና ገልብጬ ሰማሁ። ካሮቱን ነቅዬ አረሙን አቆምኩ። አባባም «ተባረኪ» አሉኝ። ይሄ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ይቅር ይባላል። የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

በሳምንቱ አባባ ማጠጫውን አስቀምጠው ጎንበስ አሉ። «ቃሪያ፣ የዚህ ካሮት ቅጠል አልሰፋብሽም?» አሉኝ። የሠራሁት ሥራ ያኔ ገባኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ «ዐይንዎ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ይሆናል» አሉ። ከዚያ በኋላ አረሙን እንደ ልጅ አሳደጉት።

ባለፈው እሑድ እናቴ ለሾርባ ልትነቅል ወርዳ ክር የመሰለ ሥር ይዛ ተመለሰች። «አባዬ፣ አረም እኮ ነው ሲያጠጡ የከረሙት!» አጎቴም «ካሮትና አረም ለማይለይ ሰው ጓሮ ምን ያደርግለታል?» አለ። ለአንድ ራስ ሽንኩርት ከሰፈሩ ሁሉ ጋር የሚሟገቱት አባባ «እውነቱን ነው» አሉ። እኔ ዳቦዬን ገመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ አያነቡም። ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ ይይዛሉ። ትናንት የጎመንና የቆስጣ ዘራቸውን በሙሉ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው አስረከቡ። በሽማግሌ መሳቅ ሙያዬ ነው፤ ግድግዳ ይዘው ሲወርዱ ሳይ ግን ሳቁ ከየት ይምጣ።

ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይመዝገብ፦ አባባ በትክክል አይተዋል። የዋሸሁት እኔ ነኝ። የነገው ግንበኛ ይቅር።

«ማነው የዋሸው?» አሉ እማማ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው።

«እኔ! ዐይናቸው ደህና ነው! ካሮቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ!» ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ።

«ታዲያ እኔ ላይ ምን ያስጮኽሻል? ለሳቸው አትነግሪያቸውም?»

የምስክር ፊርማ፦ እማማ፣ በአውራ ጣት።

የተናዛዥ ፊርማ፦ ቃ

«ቃሪያ!» አሉ አባባ፣ ከመስኮቱ ሥር። «እዚያው ቁሚና ሦስተኛውን ድገሚው። ጮክ ብለሽ፤ አጎትሽ አልሰማም።»