የድምፅ ማጉያው መኪና ሐሙስ ሕሙማንን ያድርስልን

ለከተማው የነዳጅ ሥርጭትና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

ጉዳዩ፦ ሕዝቡ ነዳጅ በድንጋጤ እንዳይገዛ ተብሎ የታቀደው የድምፅ ማጉያ ቅስቀሳ እንዲቀር፣ በምትኩ በየማደያው የዕለቱ እውነት በጽሑፍ እንዲገለጥ፣ ለኩላሊት ሕሙማንም መጓጓዣ ነዳጅ እንዲለይ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ሠላሳ ስምንት ዓመት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ንባብና ዜማ ሳስተምር የኖርኩ፣ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ያስተማርኩትም ያላስተማርኩትም የሰፈር ሰው የኔታ ብሎ ይጠራኛል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስጽፍ ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ውኃ ቧንቧ ነበር፣ መልስም አግኝቼበታለሁ። አሁን ግን ጊዜው አጭር ነው። ባለቤቴ ኩላሊቷ ሥራውን ካቆመ ሁለት ዓመት ሆነ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ሆስፒታል እየተጓዘች ደሟ በመሣሪያ ካልታጠበ ውኃው በሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀማል። የሚቀጥለው ተራዋ ከነገ ወዲያ ነው። ስለዚህ ነገሩን ሳላስረዝም፣ የራሴንም ጥፋት ሳልሸፍን፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. በእኛ ሰፈር የድንጋጤው መነሻ እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ቀኑንና ሰዓቱን ስለማውቀው ነው። ግንቦት 8 ቀን ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አጠገብ ያለው ማደያ ኃላፊ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ድልድዩ እየተጠገነ ስለሆነ የነዳጁ ቦቴ አንድ ቀን እንደሚዘገይ ነገረኝ። «የኔታ፣ እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩ ሕዝቡ ይረጋጋል፤ የእኛንማ ማን ይሰማናል?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ተፈላጊ መሆኔ ደስ አለኝ። በማግሥቱ እሑድ ከጸሎት በኋላ በደረጃው ላይ ቆሜ፣ ነዳጅ እንዳልጠፋ፣ ማንም እንዳይሮጥ፣ በጄሪካን መሸሸግም በወንድም ላይ መጨከን እንደሆነ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ድምፄንም ለከባድ ነገር እንደማደርገው ዝቅ አድርጌው ነበር።

2. ያልተገነዘብኩት፣ በዚያ ደረጃ ላይ ለዓመታት ሲነገር የኖረው ወይ ሞት ወይ መዋጮ መሆኑን ነው። ንግግሬን ሳልጨርስ ከኋላ የቆሙት ወንዶች አንድ በአንድ ሹልክ ማለት ጀመሩ። ከፊት ከነበሩት እናቶች አንዷ ለጎረቤቷ፣ «የኔታ ስለ ነዳጅ ተናግረው ያውቃሉ እንዴ? ነገር ቢኖር ነው እንጂ! በይ ለባልሽ ደውይለት፣ ይሰለፍ!» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሰልፉ ዳቦ ቤቱን አልፎ ነበር። ለአራት ቀን ይበቃል የተባለው ቤንዚን አሥር ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ነዳጅ ቀጂው በማግሥቱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ፣ «የኔታ፣ በፈጠረዎት፣ ከእንግዲህ ስለ እኛ አይስበኩብን» አለኝ። ያን ጊዜ ስቄ አልፌ ነበር።

3. ባለቤቴን የሚያመላልሳት ጎረቤታችን የሆነ የታክሲ ሾፌር ነው፤ ሲነዳም ሲቆምም ወሬ ስለማያቋርጥ ሰፈሩ «ዝምተኛው» ይለዋል። ሰኞ ግንቦት 10 በታንኩ በቀረችው አደረሳት። ሐሙስ ግን፣ ቦቴው መጥቶም ሰልፉ ስላላጠረ፣ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ሳይደርሰው ቀኑ መሸ። ደጃችን ላይ ቆሞ አንዲት ቃል አልወጣውም፤ ያን ሰው ዝም ብሎ ሳየው ነው የነገሩ ክብደት የገባኝ። ባለቤቴ በዚያ ሌሊት ጋደም ማለት አቅቷት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አደረች። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠብቦ ነበር።

4. ዓርብ ከሾፌሩ ጋር እኔም ተሰለፍኩ። ከፊታችን የቆመውን ባለ መኪና፣ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ታንኩ ምን ያህል እንደቀረው ጠየቅሁት።

«ከግማሽ በላይ አለው» አለኝ።

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ሁሉም ሲመጣ እኔ ቤቴ ልቀመጥ? የነገውን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ዛሬ እዚህ ፀሐይ አይበላኝም ነበር።»

ነዳጅ ቀጂውንም ጠየቅሁት። ከአሥር መኪና ስድስቱ ሰባቱ ከአሥር ሊትር በላይ ሳይቀበሉ ታንካቸው እንደሚሞላ፣ ከተራበው ይልቅ የጠገበው ሰልፉን እንዳስረዘመው ነገረኝ። ይህ ቃል ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሕዝቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የነገው ስለተሰወረበት ነው።

5. ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በዚያው ዓርብ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ የመሥሪያ ቤትዎ ፒካፕ ሁለት በርሜል ጭኖ በማደያው የኋላ በር ገባ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ከብዶ ወጣ። ለምን ተግባር እንደሆነ አላውቅም፤ ለበጎም ሊሆን ይችላል። ሰልፈኛው ግን አንድ ነገር ብቻ አየ። «አያችሁ? እነሱ ያውቃሉ!» የሚል ድምፅ ከፊት ወደ ኋላ እንደ እሳት ተላለፈ። ያልተሰለፉትም ሄደው መኪናቸውን ይዘው መጡ። የማደያው ቤንዚን ከፊታችን አሥራ አንድ መኪና ሲቀር ተቋረጠ።

6. እኔም በዚያች ሰዓት ወደቅሁ። ከሰልፉ ወጥቼ ከሰፈራችን ጋራዥ ጀርባ በድብቅ ከሚሸጥ ሰው ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን ቤንዚን ገዛሁ። መጻሕፍቴን በማኖርባት ጠባብ ክፍል ውስጥ በብርድ ልብስ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። በምድረ በዳ መናውን ለነገ ብሎ ያስቀረው ሰው በማግሥቱ ምን እንዳገኘ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለሕፃናት ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ባለቤቴ ገና ከመግባቴ፣ «ይሄ ሽታ ከየት ነው?» አለችኝ። ከመንገድ ነው አልኳት። «መንገዱ እቤት ገባ እንዴ?» ብላ ፊቷን አዞረች። ከተጋባን አርባ ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ ስዋሻት የመጀመሪያዬ ነው ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን እንዲህ ቶሎ የታወቀብኝ ጊዜ የለም።

7. በዚያ ቤንዚን ቅዳሜ ዕለት ሆስፒታሉ ከተራዋ ውጪ ተቀብሎ አጠባት፤ ትናንት ሰኞም ደርሳ መጣች። ታክሲው በሁለቱም ጊዜ እኛን ሁለታችንን ብቻ ይዞ ነው የሄደው። ቀድሞ ግን እንዲህ አልነበረም። ከዚህ ከተማ በዚያው ቀን የሚታጠቡ አራት ናቸው፤ ባለቤቴ፣ ከእኛ ሦስት መንገድ አልፎ የሚኖረው ልብስ ሰፊ፣ አንዲት ወጣት መምህርትና የአንድ ግንበኛ እናት። ልብስ ሰፊው መኪና ሲያጣ ከእኛ ጋር ይሳፈር ነበር። በእነዚህ ሁለት ጉዞዎች ግን አልጠራሁትም። ቢሳፈር ቤንዚኑን ከየት አመጡት ብሎ ይጠይቃል ብዬ ፈራሁ። ሾፌሩንም አፉን እንዲይዝ ለመንኩት፤ እንዴት እንደቻለው አላውቅም።

8. ትናንት በማጠቢያው ክፍል የልብስ ሰፊው አልጋ ባዶ ነበር። ነርሷ ለባለቤቴ፣ «ሁለት ጊዜ ቀረ እኮ እማማ፣ መኪና አጥቶ ነው አሉ» አለቻት።  ተመልሰን ቤት እንደገባን ባለቤቴ ወደ መጻሕፍቱ ክፍል ሄዳ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። «ወንበሩ ባዶ እየሄደ ሰውየው ቤቱ ቀረ። እኔን ለማዳን ብለው ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከእንግዲህ በዚህ አልሄድም» አለችኝ። አመሻሹ ላይ ልጆቹ ልብስ ሰፊውን ተሸክመው ጤና ጣቢያ እንዳደረሱት፣ አምቡላንሱም በቀረችው ነዳጅ ሆስፒታል እንደወሰደው ሰማን። ይህን በምጽፍበት ሰዓት በኦክስጅን ይተነፍሳል፤ ከዚያ በላይ የሚነግረን አላገኘንም።

9. እንግዲህ ትናንት በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበብኩ። ከሐሙስ ግንቦት 20 ጠዋት ጀምሮ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በየሰፈሩ እየዞረ ሕዝቡ እንዳይደናገጥ፣ ነዳጅም እንዳያከማች ያሳስባል ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህ እኔ በደረጃው ላይ ቆሜ የሠራሁት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ጎማ ያለው መሆኑ ነው። እኔ የአንድ ሰፈር ሰው አስሮጥኩ፤ ያ መኪና ከተማውን ያስሮጣል። አትደንግጡ የሚል ድምፅ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን መጣ ብሎ ነው፤ ሁለተኛ የሚያደርገው የመኪናውን ቁልፍ መፈለግ ነው።

ስለዚህ ከታች ያሉትን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፦

ሀ. የድምፅ ማጉያው ቅስቀሳ ይቅር። በምትኩ በየማደያው በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ይሰቀል። ዛሬ ስንት ሊትር እንደገባ፣ ስንት እንደቀረ፣ የሚቀጥለው ቦቴ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ ነዳጅ ቀጂው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በጠመኔ ይጻፍበት። ምክርና ተግሣጽ አይጨመርበት። ቦቴው የሚዘገይ ከሆነም ይዘገያል ተብሎ ይጻፍ። ክፉ ወሬ በቁጥር ሲነገር ሰው ያስባል፤ በልመና ሲነገር ግን ይሮጣል። ይህን ከጥፋቴ ተምሬዋለሁ።

ለ. ታንኩ ከግማሽ ያልጎደለ የግል መኪና እንዳይሞላ፣ ሰልፉም በሰሌዳ ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ ተብሎ በየቀኑ እንዲፈራረቅ ይደረግ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ተራው ነገ መሆኑን በእርግጥ ካወቀ ዛሬ ቤቱ ይቀመጣል፤ ቃሉን ሰምቻለሁ።

ሐ. የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች በኋላ በር መግባታቸው ይቁም። ለአስቸኳይ ሥራ የሚወስዱት ካለ በፊት በር ገብተው ይቅዱ፤ የወሰዱትና ምክንያቱም በዚያው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ሕዝቡ እንዲያምን የሚፈለገውን ነገር መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ያመነው መሆኑ ይታይ።

መ. ለአራቱ የኩላሊት ሕሙማን በሐኪም ወረቀት የሚቀዳ ነዳጅ በአንድ ማደያ ይለይ፤ በአንድ መኪናም አብረው ይመላለሱ። ይህ ቢኖር ኖሮ እኔ ወደ ጋራዡ ጀርባ ባልሄድኩ ነበር። በየቤቱ ከተሸሸገው ጄሪካን ስንቱ ከስስት፣ ስንቱ ከእንዲህ ያለ ፍርሃት እንደመጣ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል፤ ከፍርሃት የመጣውን ግን አንዲት ወረቀት ታስወጣዋለች። ሥርዓቱ እስኪዘጋጅ ድረስ ለሐሙስ አንድ መኪናና ነዳጅ አስቀድሞ ተመድቧል፤ ይኸውም የቅስቀሳው መኪና ነው። ድምፅ ማጉያው ይውረድና ሕሙማኑን ያድርስልን። ዝምተኛው ሾፌር ቢያስፈልግ ለመንዳት ፈቃደኛ ነው።

የራሴን ጉዳይ በተመለከተ፣ ያልተከፈተውን ሃያ ሊትርና ከተከፈተው የቀረውን ዛሬ ጠዋት ለጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሾፌር አስረክቤያለሁ፤ ልብስ ሰፊውን ካደረሰ ወዲህ ደርቆ የቆመ መኪና ነው፣ በዚህ ሳምንት የምትወልድ ሴትም ሆነ የሚወድቅ ሰው አይጠፋም። የተረከበበትን ወረቀት አያይዤአለሁ። ነዳጅ በመኖሪያ ቤት በማስቀመጤ የሚገባኝን ቅጣት ያለ ክርክር እቀበላለሁ። መጪው እሑድ ደግሞ በዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ስለ ነዳጅ ሳይሆን ስለ ልብስ ሰፊው እናገራለሁ፤ ለሰፈሩ ሰው የምነግረው ለእርስዎ የጻፍኩትን ነው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቤንዚኑን ስጭን ጄሪካኑን በር ድረስ ያቀበለችኝ እሷ ናት፤ እጇ ዛሬም አብጧል። ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለብሳ፣ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ በራችን ላይ ትቀመጣለች። እስከዚያ የቀረው አንድ ቀን ተኩል ነው። ቤቴ ውስጥ ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ የለም፤ ወደ ጋራዡም አልመለስም። የምትሄድበትን መንገድ ሁሉ በክቡርነትዎ እጅ ትቼዋለሁ።

ለሥራዎ ብርታትን፣ ለውሳኔዎም ማስተዋልን እየለመንኩ፣ ከሽማግሌ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የኔታ
በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የንባብና የዜማ መምህር የነበረ
አባሪ፦ የሐኪም ማስረጃ አንድ ገጽ፣ የአምቡላንስ ሾፌሩ የርክክብ ወረቀት አንድ ገጽ