በሁሉም ቦታ የተሰለፉት የአሰልጣኝ ፊንባር ሄጋርቲ የሕይወት ታሪክ

አሰልጣኝ ፊንባር ሄጋርቲ ከአባታቸው ከአቶ ጀረማያ ሄጋርቲ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሃና ቱሚ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. በኮቭ ወደብ ተወለዱ። ያደጉት ከካቴድራሉ ሥር ባለው ዳገት ላይ ነው። እዚያ ኳስ ያመለጠው ልጅ እስከ ባሕሩ ድረስ ወርዶ ማምጣት ግዴታው ስለነበር፣ መከላከልን ከማንም አሰልጣኝ በፊት ያስተማራቸው ዳገቱ ነው።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በመርከብ መጠገኛው በብየዳ ሙያ ተቀጠሩ። አባታቸው በእጅም በእግርም በሚጫወቱት የአገሩ ባህላዊ ኳስ ባለ ሜዳሊያ ነበሩ። ያን ጊዜ የአገሩ ኳስ ማኅበር እግር ኳስን የቀድሞ ገዢዎች የእንግሊዞች ጨዋታ ነው ብሎ፣ የተጫወተውን ብቻ ሳይሆን ቆሞ ያየውንም አባል ያግድ ነበር። ፊንባር በ1961 ለወደቡ የእግር ኳስ ክለብ ሲፈርሙ ማኅበሩ አገዳቸው። ያን ሰሞን አቶ ጀረማያ በእራት ገበታ ላይ ከ«ድንቹን አቀብለኝ» በቀር ቃል አልወጣቸውም።

በክለቡ ያልተሰለፉበት ቦታ አልነበረም። የቀኝ ተከላካይ ሲታመም ቀኝ፣ አጥቂ ሲጠፋ አጥቂ፣ በረኛው ጣቱ ሲሰበር በረኛ ሆኑ። ደጋፊው «መለዋወጫው» ይላቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር፤ ለእህታቸው ለኪቲ ግን «ሁሉም የራሱ ቦታ አለው፤ እኔ የሰው ቦታ ጠባቂ ነኝ» ብለዋታል። ከዚያም በላይ የከነከናቸው፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የአባታቸው ድምፅ አለመኖሩ ነበር።

ማኅበሩ በእግር ኳስ ሜዳ የሚገኙ አባላቱን አይቶ የሚያሳውቅ ሰው ይልክ ነበር። ማንም የማይወደውን ይህን ሥራ አቶ ጀረማያ በፈቃዳቸው ሲወስዱ አገር ጉድ አለ። በየእሁዱ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ከአጥሩ ሥር ይቆማሉ። ማጨብጨብ አይችሉም፤ ተቆጣጣሪ ናቸውና። አንድም ሰው ግን አሳልፈው አልሰጡም። የማኅበሩ ጸሐፊ አንድ ቀን መጠጥ ቤት አገኛቸውና፣

«ጀረማያ፣ እሁድ ዕለት ማንን አየህ?» አላቸው።

«ማንንም። ጉም ነበር።»

«በዚያ ጠራራ ፀሐይ?»

«ለአንተ ይሆናል ፀሐዩ። እኔ የቆምኩበት ጉም ነበር።»

በ1968 ፊንባር የዳቦ ጋጋሪ ልጅ የሆኑትን ወይዘሮ ብሬዳ ኮትርን አግብተው ኦርላንና ዴክላንን አፈሩ። በ1971 ያ እገዳ ተነሣ። ከተማው ሲደሰት ወደ ሜዳ መምጫ ሰበብ ያጡት አቶ ጀረማያ ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያው እሁድ ከሜዳው በር ውጭ ቆመው ቀሩ። ፊንባር የበረኛ ጓንት እንዳጠለቁ ወጡ።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ።»

«ገብቼ ምን ልሠራ? የምይዘው ሰው የለ።»

«እኔን ይያዙኛ! ይኸው ዛሬ ደግሞ በረኛ አድርገውኛል።»

አባትየው ቲኬት ቆርጠው ገቡ። በሁለተኛው አጋማሽ ፊንባር አንድ ከባድ ኳስ ሲያድኑ፣ ከጎሉ ጀርባ «የኔ ልጅ ነው! የኔ!» የሚል ድምፅ ሜዳውን አናጋው። ፊንባር ድምፁን ፍለጋ ዞር አሉ፤ የሚቀጥለው ኳስ በጎናቸው አልፎ መረብ ውስጥ ገባ። አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። ዕድሜ ልካቸውን ግን እንደዚያ ጨዋታ አድርገው ያወሩት ድል የለም።

ከ1975 ጀምሮ ለሃያ ሦስት ዓመት ክለቡን አሠለጠኑ፤ በ1984ም ዋንጫ አበሉት። ማክሰኞ ማክሰኞ በረኛውን አጥቂ፣ አጥቂውን በረኛ እያደረጉ ያለማምዱ ነበር። የሚያጉረመርም ሲገኝ «መጀመሪያ እሱ የቆመበት ቁም፤ ከዚያ እንደፈለግህ ትሰድበዋለህ» ይሉ ነበር። ዛሬ አስከሬናቸውን በትከሻቸው ያመጡት እነዚያው ተጫዋቾች ናቸው፤ ዳገቱ ላይም እንደ ማክሰኞ ልምምድ ቦታ እየተቀያየሩ ተሸከሟቸው።

አሰልጣኝ ፊንባር ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በ2019 ዓ.ም. በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ብሬዳ እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው ኪቲ በሕይወት አሉ። በመጨረሻ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ከአባታቸው አጠገብ መቀበር። እነሆ ዛሬ የራሳቸውን ቦታ አገኙ። ከዚህ የሚቀይራቸው አሰልጣኝ የለም።

ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በደግ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ከበሩ ላይም ያ የናፈቁት ድምፅ ይቀበላቸው። አሜን።