የእኔ አንገትና ያንተ ብርጭቆ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ መንገዱ፣ ያ ግትር መኪናህስ እንዴት ነው? ወገብህን ይዞህ ነበር፣ ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን እንዳልልህ እጄ እምቢ አለኝ።

አንገቴ ላይ የወጣውን እብጠት ምላጭ የነካው ብጉር ነው ብዬ ስንት ጊዜ በአልኮል አሸሁት። ፀጉር ቆራጭ አይደለሁ፣ የሰፈሩን አንገት ሁሉ የማውቅ ይመስለኛል። አላመመኝም፤ ያታለለኝም እሱ ነው። ሌሊት ላብ ሲያጠምቀኝና ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም ሲል ሐኪም ቤት ሄድኩ። ከእብጠቱ ቆንጥረው መረመሩት። ሊምፎማ ነው አሉኝ፣ የንፍፊት ካንሰር።

መድኃኒቴን ሳላጓድል እንዴት ያዘኝ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት። ከእናታችን ማህፀን ይዘነው የወጣነው ኤች አይ ቪ የሰውነትን ዘበኞች ያዳክማል አለችኝ። የቀሩት ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ ለዓመታት ያለ እረፍት ሲባዙ አንዳንዱ ይበላሻል፤ የሚያስወግደው ዘበኛ ካጣም እንደ አረም ይስፋፋል። በብዙ ሰው ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ሌላ ቫይረስም ይህን አይቶ ይነቃል። መድኃኒቱ አደጋውን በጣም ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ሳላቋርጥ በመዋጤ ግን ሰውነቴ ሕክምናውን እንደሚችል ነግራኛለች። ሰኞ እጀምራለሁ። ፀጉሬ ይረግፋል ተብሏል፤ ራሰ በራ ፀጉር ቆራጭ ማን ያምናል?

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ባለፈው ስትደውል፣ ረዳትህ እንዳያይብህ ብለህ መድኃኒቱን ካቆምክ መክረምህን ነገርከኝ። ቀጥለህም ብብትህ ሥር እብጠት አለ፣ የመሪ ድካም ነው አልክ። እኔ በምላጭ አሳበብኩ፣ አንተ በመሪ። ከዚያ ወዲህ ስልክም አታነሳም። ፈርቼልሃለሁ። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ቢሆንም ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ጭነትህን አራግፈህ ቀጥታ ሐኪም ቤት ግባ፣ ማቆምህንም ንገራቸው። ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትጻፍልኝ፤ ከዚያው ሆነህ ደውልልኝ።

እህታችን ናፍቀኸኛል ትልሃለች። ልጇ ጥርስ አውጥቶ ሁላችንንም ይነክሳል። እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። ማቆምህን አልነገርኳትም። ማታ ማታ እሷ፣ አንተና እኔ ሦስታችን አብረን መድኃኒታችንን ስንውጥ እንደነበረው ዛሬም ሦስት ብርጭቆ ውሃ ትደረድራለች፤ ያንተን ስትቀዳ፣ እሱም ባለበት አሁን ይውጣል ትላለች። ሞልቶ ስታየው ሆዷ እንዳይባባ ውሃህን የምጠጣልህ እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ግን ልውጥልህ አልችልም።

ታላቅ ወንድምህ
ከቤታችን፣ ኅዳር 9 ቀን