ለትንሣኤ ያሳደርኩት እርቅ

የልጆቼ አባት፣ ተሾምዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። የአንኮበር ጉም ዛሬም ከገደሉ ተነስቶ ደጃፋችን ድረስ ይመጣል፤ እኔ ግን በሩን እዘጋበታለሁ። ቆርቆሮ ልትገዛለት ደብረ ብርሃን የሄድክለት ማድ ቤት ዘንድሮ ተከደነ። ትልቋ ልጅህ አስተማሪ ሆና ሰላ ድንጋይ ተመደበች። የትንሹ ድምፅ ጎረነነ፤ ከጓዳ ሲጠራኝ አንተ እየመሰልከኝ እደነግጣለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራልህ ዋናውን ለማዘግየት ነው። ጎረቤታችን እትዬ እታገኝ ሞቱ።

ልጃቸው ደረጀ የሚነዳው አይሱዙ አንተን ይዞ ጉም ውስጥ ሲገለበጥ እሱ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ጥፋቱ የጉሙ ነው ተባለ። ጉም መጥላት አልሆነልኝም፤ ሰው ፈለግኩ። ልጁ አፍሮ ከአገር ወጥቶ አረርቲ ሲገባብኝ ቂሜን በእናቱ ላይ ያዝኩ።

ከዚያማ ሃይማኖተኛ ሆንኩልህ። የጽጌን ጾም ጨመርኩ፣ ስግደቱን አበዛሁ፤ ሰው መነኮሰች ሲለኝ ውስጤን ደስ ይለው ነበር። በመድኃኔዓለም ማኅበራችን ግን ጽዋውን ከእትዬ የምረከብበት ተራ ሲደርስ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሲሰጡኝ አልተቀበልኳቸውም። ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጡት በዓይኔ አሳየኋቸው፤ ከጠረጴዛው አነሳሁት። ማኅበርተኛው ሁሉ አየ። አንተ ብትኖር ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ብለህ ትስቅብኝ ነበር። አይ፣ የዚያን ቀንስ አትስቅም።

ዘንድሮ ሁዳዴ አጋማሽ ላይ የንስሐ አባታችን ጠሩኝ። እትዬ ታመው ተኝተዋል፣ ሌላ ስግደት ከመጨመርሽ በፊት እዚያ ቤት ሂጂ አሉኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ሆሣዕና ደረሰ፤ ያኔ ሰበብ አገኘሁ። በሕማማት ሰላምታ የለም፣ መሳሳም የለም፤ ሥርዓቱን ጠብቄ ከትንሣኤ በኋላ እሄዳለሁ አልኩ። ሥርዓት አዋቂነቴን ባየህ! ረቡዕ አረፉ።

እንደምታውቀው በሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ ሆሣዕና ዕለት ለሁላችንም አስቀድሞ የተጸለየው ይበቃል ተብሎ ነው። እትዬ ያለ ዜማ፣ በዝምታ ተቀበሩ። ከቀባሪው መሃል ቆሜ እንባ አልመጣልኝም። የመጣብኝ ፍርሃት ነው። አንተ ሳትሞት በፊት ክፉ ሴት አልነበርኩም፤ ወይስ ነበርኩ? በዚያ ሁሉ ጾም ያደገው ኩራቴ ብቻ ነው፣ ተሾምዬ። ከተዘረጋ እጅ ጽዋ መቀበል ያቃተኝን ሴት፣ ሰው መነኩሲት ይለኛል።

ይቅርታ የምጠይቃቸው አጣሁ። በቅዳሴ ስማቸውን ላስጠራላቸው አሰብኩ፤ ግን ሃያ ዓመት በአንድ አጥር ስንኖር የክርስትና ስማቸውን አላውቅም። የሚያውቀው ደረጀ ነው። ለቀብር መጥቶ እዚያው ቤት ተቀምጧል። ሳምንታት እግሬ እምቢ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ገባሁ። ሲያየኝ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሸሸ፤ የምመታው መስሎት ነው መሰለኝ። የእናትህን የክርስትና ስም ንገረኝ አልኩት። ወለተ ሰንበት አለኝ። የተሰበረው ክንዱ እንዳልተቃና ያን ጊዜ አየሁ። እግዜር ያጥናህ እንኳ ሳልለው ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ዞሬ የእሱንም የክርስትና ስም ጠየቅኩት። ነገረኝ።

ተሾምዬ፣ እስካለሁ ድረስ ስምህ በቅዳሴ መጠራቱ አይቀርም። ከአንተ ቀጥሎ የእሳቸውን አስጠራለሁ፤ አንተ አትቀየመኝም። ያንን ጀምሬዋለሁ። የደረጀን ስም ደግሞ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት፤ በሕይወት ላሉት ሲጸለይ እንዲጠሩልኝ ለካህኑ ልሰጥ። ሁለት እሑድ ይዤው ሄድኩ፤ ሁለቱንም እንደተቋጠረ ይዤው ተመለስኩ። የፊታችን እሑድም ይዤው እሄዳለሁ።

ባለቤትህ አስካለ