ነጥብ የሌለው ሪፖርት

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን የአካዳሚክ ማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም ለተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት በሙሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነታችሁ፣ ለቤተሰባችሁ፣ ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለምትሰበሰቡባቸው ለስላሳ ወንበሮችም ጭምር ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ በሽቦ አልባ ግንኙነትና በሲግናል ፕሮሰሲንግ መምህርነትና ተመራማሪነት አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገልኩ፣ አምና በእናንተ መልካም ፈቃድ ተባባሪ ፕሮፌሰር የተባልኩ አሻግሬ ዋለ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ቀደም ሲል በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤታችሁ ጥሩ ማረፊያ እንዳገኙ ስለተነገረኝ ነው። ምስጋናዬ ብዙ በመሆኑ እንዳይምታታብኝ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩. በመጀመሪያ፣ በዚህ ሙያ ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

ካቻምና ሂንድ ኑርዬ የምትባል የሐይቅ ከተማ ልጅ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዬ ነበረች። ለመመረቂያ የመረጠችው ጉዳይ ከአምባሰል ገደል ሥር ባለች አንዲት ቀበሌ የስልክ ኔትወርክ ለምን እንደማይደርስ፣ እንዲደርስስ ምን ቢደረግ እንደሚበጅ ማወቅ ነበር። የክፍላችንን የሞገድ መለኪያ ተውሳ፣ ባትሪውን በጀርባዋ አዝላ፣ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ እየተመላለሰች በአምስት ወር አርባ አንድ ቦታ ላይ ለካች። እኔ አማካሪዋ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ሄጃለሁ፤ እሱንም ፎቶ ለመነሣት።

በዚያች ቀበሌ ጤና ኬላ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሺሀረግ ትባላለች። አምቡላንስ መጥራት ሲያስፈልጋት ከጤና ኬላው ወጥታ፣ ዳገቱን አርባ ደቂቃ ሽቅብ ተጉዛ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆማ ነበር የምትደውለው። ከዚያ በቀር ኔትወርክ የሚገኝበት ቦታ አልነበረም። ሂንድ ከድንጋዩ በላይ ባለው ሸንተረር ላይ አንድ አነስተኛ የሲግናል ማጉያ ቢተከል ጤና ኬላው ውስጥ ተቀምጦ መደወል እንደሚቻል በቁጥር አረጋገጠችና አሥራ አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፈች። የቴሌኮም ድርጅቱ ቅርንጫፍም አማካሪው አረጋግጠው ከፈረሙበት እንተክላለን አለ። የጎደለው የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር።

ክቡር ሰብሳቢ፣ በዚያው ሰሞን ቢሮዎ መጥቼ ማማከሬን ያስታውሱ ይሆናል። ለማዕረጉ አንድ የታተመ የምርምር ጽሑፍ ጎድሎኝ ነበር። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው፣ «አሻግሬ፣ ሪፖርት እኮ ለዕድገት ነጥብ የለውም። መረጃው በእጅህ እያለ ምን ትጠብቃለህ? ጽሑፍህን ጨርስ፣ ሌላው ይደርሳል» አሉኝ። ሪፖርቱን ለመፈረም ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማመሳከር ነበረብኝ፤ የሁለት ቀን ሥራ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ሁለት ቀን ግን ከየት ይምጣ? መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼው አሥራ አንድ ወር ቆየ። «ያሳሳተኝ ምክርዎ ነው» ብዬ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ሰርዤዋለሁ፤ መሳቢያው የእኔ ነው፣ ቁልፉም የነበረው በእኔ ኪስ ነው።

፪. ሁለተኛ፣ ስለ ማካፈል ጥበባችሁ።

ደንባችሁ የአንድ ጽሑፍ ነጥብ በጸሐፊዎቹ ቁጥር ይካፈላል ይላል። እኔም ደንብ አክባሪ በመሆኔ የሂንድን አርባ አንድ ልኬቶች ወስጄ፣ በላያቸው ላይ አንድ ከባድ ቀመር ደርቤ፣ ገምጋሚዎቹ ጉዳዩ የአንድ መንደር ብቻ ነው እንዳይሉኝ የቀበሌዋን ስም ፍቄ «ተራራማ አካባቢ» በማለት ጽሑፉን በራሴ ስም ብቻ አሳተምኩት። ሂንድን በመጨረሻው ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል፣ መረጃ በማሰባሰብ ስለረዳችኝ አመሰገንኳት። በዚያው ዓመት ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር አመልክታ ስለነበር የታተመ ሥራ የለሽም ብለው መለሷት። ይህንኑ ልትነግረኝ ቢሮዬ ስትመጣ፣ «አይዞሽ፣ ለከርሞ ይሳካል» አልኳት። የታተመው ሥራዋ በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። እሷም አይታዋለች። አንሥታ ስታገላብጠው ቆየችና ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

፫. ሦስተኛ፣ ለማኅበረሰቡ ስለሰጠሁት አገልግሎት የሙሉ ነጥብ ባለቤት ስላደረጋችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

በማመልከቻው ቅጽ ላይ የአምባሰሉን ልኬት ከፎቶዬ ጋር አያይዤ ስለነበር ከአሥር አሥር ሰጣችሁኝ። የማዕረጉ ደብዳቤ በደረሰኝ ሳምንት ባልደረቦቼ ኬክ አዘጋጅተው እንድቆርስ ቢላዋ ሲያቀብሉኝ ስልኬ ላይ የሂንድ መልእክት ገባ። እንዲህ ይላል፦ «ሰላማዊት የምትባል እናት ምጥ ጸንቶባት የሺሀረግ ድንጋዩ ድረስ ሮጣ ደወለች። አምቡላንሱ አልዘገየም። እናትየዋ ተርፋለች፣ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ዶክተር፣ ሪፖርቱ የት ደረሰ?»

ሪፖርቱ የትም አልደረሰም ነበር። በማግስቱ ከመሳቢያው አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የሁለት ቀን ሥራ የመሰለኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ወሰደ። ፈርሜ በእጄ ለቅርንጫፉ አስረክቤ ወደ አምባሰል ሄድኩ። ከዚህ በታች ያለው ለዛ ቢያጣ ትሕትናዬ ስለጎደለ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላ አጻጻፍ ስላላወቅሁበት ነው።

የሺሀረግን ጤና ኬላው በር ላይ አግኝቼ፣ የጽሑፉን፣ የመሳቢያውን፣ የኬኩንም ሳይቀር ሁሉንም ነገርኳት። አርባው ደቂቃ ቢቀር ኖሮ ሕፃኑ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬም ጠየቅኳት።

«እሱን እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ» አለችኝ። «አለማወቁ ነው የሚያቃጥለው። እኔ እኮ ሰላማዊትን ‹አብሽሪ፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው› ብዬ ነው ያጽናናኋት። አሁን ምን ልበላት?»

እኔው ራሴ እነግራታለሁ አልኩ። ይዛኝ ሄደች። ሰላማዊት ደጃፏ ላይ ማሽላ ታሰጣ ነበር። የተናገርኩትን ሁሉ ቀና ሳትል ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «ወረቀቱ ስንት ገጽ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አሥራ አንድ አልኳት። «አሥራ አንድ» አለችና ማሽላውን በእጇ መበተን ቀጠለች። ተቀመጥ አላለችኝም፣ ሂድም አላለችኝም። በመጨረሻ የሺሀረግ ክንዴን ይዛ መለሰችኝ።

ስመለስ ሐይቅ ላይ ወረድኩ። ሂንድ ከባጃጅ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ ትጠግናለች። ስታየኝ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አሁን ፕሮፌሰር ልበልዎት?» አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ይቅርታው ይቆየን። ሪፖርቱን ፈረሙት?»

ፈርሜ ሰጥቻለሁ አልኳት።

«አሥራ ሰባተኛውን ቦታ አይተውታል? ዝናብ እየዘነበ ነው የለካሁት፤ ስህተት እንዳይኖረው ብዬ ስሰጋ ከረምኩ።»

ትክክል ነው አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተነፈሰች። እኔ ዓመት ሙሉ ስለ ነጥቤ ስጨነቅ እሷ ስለ አንድ ልኬት ስትጨነቅ ኖራለች። ልወጣ ስል ጠራችኝ፤ «ዶክተር፣ ስሜን ግን ይመልሱልኝ። የዘንድሮው ማመልከቻ ሊዘጋ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።»

፬. በመጨረሻም፣ ያለ ልፋት የሰጣችሁኝን ክብር ከእጄ መልሳችሁ ላለመቀበል ስላሳያችሁት ጽናት አመሰግናለሁ።

ለጆርናሉ ጥፋቴን ዘርዝሬ ጻፍኩ፤ ሂንድ የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ተብላ ማስተካከያው ወጣ፤ ነገር ግን ማመልከቻው በተዘጋ በዘጠነኛው ቀን። ለእናንተም ማዕረጉ የእኔ አይደለምና አንሡልኝ ብዬ አመለከትኩ። ከብዙ ወራት በኋላ በደረሰኝ መልስ፣ ማዕረግ የሚጠየቅበት ቅጽ እንጂ የሚመለስበት ቅጽ አለመኖሩን ገልጻችሁ፣ እንዲህ ያለው ጉዳይ የዩኒቨርሲቲውን መልካም ስም እንደሚነካ አሳስባችሁ፣ ለጤንነቴ በማሰብም አጭር ዕረፍት እንድወስድ መክራችሁኛል። ዕረፍቱን ወስጃለሁ፤ ሁለቱን የታሸጉ ደብዳቤዎች የላክኋችሁም ከዚያ መልስ በኋላ ነው። ማጉያው በግንቦት ሲተከል ምሰሶ ከሚሸከሙት ሰዎች ጋር ሽቅብ የወጣሁት በዚያው ዕረፍት ነው። ሂንድም መጥታ መለኪያውን ይዛ ጤና ኬላው ውስጥ ተቀመጠች፤ የሺሀረግም ከወንበሯ ሳትነሣ ውጫሌ ደወለች። ሰዉ አጨበጨበ። ሰላማዊት ከዚያ መካከል አልነበረችም፤ እኔም ወደ ደጃፏ ለመሄድ አቅም አጣሁ። እስካሁንም አልሄድኩም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚመለስበትን ቅጽ አዘጋጁልኝ፤ ከጠፋችሁ እኔ ነድፌ አመጣለሁ። ሁለተኛ፣ ለሰው የሚደርስ ሪፖርት ቢያንስ ግማሽ ነጥብ ይኑረው፤ ሌላ መምህር እንደ እኔ ያለ መሳቢያ እንዳይኖረው።

ወንበራችሁ እንዳይጎረብጣችሁ፣ ሐሙሳችሁም እንዳይረበሽ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከማይገባኝ ማዕረግ ጋር በአክብሮት እሰናበታለሁ።

አሻግሬ ዋለ
ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ መልሶ የሚወስድለት እስኪያገኝ

ማሳሰቢያ፦ በቃለ ጉባኤያችሁ ሦስተኛ ገጽ ላይ «ዓለም አቀፍ ትብብር» በሚለው ረድፍ ሁለት ነጥብ ሰጥታችሁኛል። ይህ የሆነው በእጄ በሞላሁት ቅጽ ላይ «በልኬቱ የተባበረችኝ፦ ሂንድ» ያልኩትን የጽሕፈት ክፍላችሁ «ህንድ» ብሎ ስለተየበው ነው። ሰባት ምሁራን አንብባችሁ ፈርማችሁበታል። እኔም ስህተቱን ያየሁት ቃለ ጉባኤው በደረሰኝ ቀን ነው፤ ሁለቱ ነጥብ ስላስፈለገኝ ዝም አልኩ። አሁን ግን እባካችሁ አርሙት፤ ህንድ የሚባለው አገር እኔን አያውቀኝም። ሂንድ ግን በደንብ ታውቀኛለች።