ማኅተም ያረፈበት ስንዴ

ኅዳር 8 ቀን 1964 ዓ.ም.
መካነ ኢየሱስ

ውድ የኔታ ኃይለ ሚካኤል፣

ሰላምታው ይቆየኝ። ይህን የሚያነብልዎ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ወደ ሌላው ከማለፉ በፊት አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ያንብብልዎ። በጥቅምት የላክሁልዎን ስንዴ ማንም እንዳይቀምሰው። ለመገበሪያ አይሁን፣ ለዝክር አይሁን፣ ለዶሮም አይበተን። ጆንያው እንደ ታሰረ ይቀበር።

አሁን ነገሩን ልንገርዎ።

ሥራዬን ያውቁታል። እዚህ ከእህል መርማሪው ጽሕፈት ቤት ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ነጋዴ ጆንያውን ያመጣል፤ እኔ እፈታለሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከሥር እዘግናለሁ፣ ነቀዝ፣ አፈር፣ እንክርዳድ እንዳለበት አያለሁ፣ ጥቂት ፍሬም አኝካለሁ። ንጹሕ ሆኖ ካገኘሁት አንበሳ ያለበትን ሰማያዊ ምልክት አሳርፍበታለሁ፤ አፉንም በሽቦ አስሬ በእርሳስ ብረት አትመዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ገዢው የሚያየው ምልክቱን እንጂ እህሉን አይደለም። ምልክቱ የወጣውም ድሀው ገበያ ላይ እንዳይታለል ነው።

እኔም በዚያ አንበሳ ኮራሁ የኔታ። ቅኔውን ሳልጨርስ ከጉባኤዎ ወጥቼ የመንግሥት ሥራ ስይዝ፣ “ብራናውን ጥሎ ጆንያ አነሣ” ብለው እንደ ቀለዱብኝ ሰምቻለሁ። ቀልዱ እውነት ስለ ነበረ ውስጥ ውስጡን ሲበላኝ ኖረ። አንድ ቀን የእጄን ሥራ እንዲያዩልኝ ስመኝ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ያለ ወራቱ በሚዘንብ ዝናብ፣ ይርጋ የሚባል ነጋዴ ሃያ ጆንያ ስንዴ አስጭኖ መጣ። ሦስቱን ፈትቼ አየሁ፤ መልካም ስንዴ ነበር። አራተኛውን ልፈታ ስል እጄን ያዝ አደረገና፣

“ጌታው፣ የእርስዎ ዓይንኮ ከውጭ ያያል” አለኝ። “ደግሞ ኅዳር ሚካኤል እየደረሰ ነው። ለየኔታዎ ለመገበሪያ የሚሆን አንድ ጆንያ ይያዙልኝ፤ በረከቱ ለእኔም ይተርፈኛል።”

ስሙ ጉቦ ነው። ያን ዕለት ግን በረከት መሰለኝ። አሥራ ሰባቱን ሳልፈታ አተምሁ። ለእርስዎ የላክሁት ከደመወዜ የገዛሁት ስጦታ አይደለም፤ ከእነዚያ ካልፈታኋቸው አንዱ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ከጆንያው ጋር የላክሁትንም ደብዳቤ አይረሱትም። “የመንግሥት ምልክት ያለበት ስለ ሆነ መልቀምም ማጠብም አያሻውም። እማሆይ አመተ ማርያም ዘንድሮ ዓይናቸውን ያሳርፉ። ከመገበሪያ የተረፈው ለዝክሩ ዳቦ ይሁን” ብዬ ጻፍሁ፤ ከግርጌውም የጽሕፈት ቤቱን ማኅተም መታሁበት። እማሆይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመገበሪያ ስንዴ ፍሬ በፍሬ ሲለቅሙ የኖሩ መነኩሲት ናቸው። እሳቸውን ይረፉ ያልሁ እኔ ነኝ። እርስዎም፣ “እንዳልኸው ሳንለቅመው፣ እንደ ታሰረ ዕቃ ቤት አስቀምጠነዋል። ሰው ከቅዳሴ በኋላ እየገባ አንበሳውን ያያል፤ የቄስ አዳነ ሚስት ካሣነሽማ ስማው ሄደች” ብለው መለሱልኝ። ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስት ጊዜ ሳቅሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ጌጤ የሚባሉ ጠላ ሻጭ ጽሕፈት ቤት ገቡ። የያዙትን እራፊ ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት፤ ሦስት የሞቱ ዶሮዎች ነበሩ።

“ማኅተምህ ይኸውልህ!” አሉኝ። “ካሰጣሁት ስንዴ ለቅመው ነው። ሌሎቹን አራቱን ቀብሬ መጣሁ።”

“እማማ፣ የዶሮ በሽታ ገብቶ እንደ ሆነስ?”

“ምራቴስ ዶሮ ናት? ንፍሮውን በላች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ በጠራራ ፀሐይ ‘ቤቱን ማን አጨለመው?’ ትላለች!”

ሄጄ አየኋት። ዘነበች ትባላለች። ስገባ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች እንጂ ዓይኗ አላገኘኝም። ደጅ ወጥቼ ከጆንያቸው ዘገንሁ። ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ በፍሬው ስንጥቅ ውስጥ ግን ቀይ ቀለም ቀርቷል። ለዘር የተሰናዳ፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው መርዝ የተለወሰ ስንዴ ነው። ቀዩን የሚቀቡት ሰው እንዳይበላው ነበር። ይርጋ ቀለሙን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከደህናው ጋር ቀላቅሎታል። ቀለሙ ቢታጠብ መርዙ አይለቅም። እማሆይ ለቅመውት ቢሆን በመጀመሪያዋ እፍኝ ያዩት ነበር።

ለአለቃዬ ለአቶ አድማሱ ነገርሁ።

“ዶሮ መቼም ይሞታል” አሉ። “ምልክቱ የመንግሥት ነው። መንግሥት ተሳሳተ ልትል ነው?”

ተነሥተው ማኅተሙን ከመሳቢያዬ ወሰዱና ቆለፉበት። ነገ በዘበኛ ታጅቤ ደብረ ታቦር ለጥያቄ እቀርባለሁ፤ እስከዚያ ከከተማ እንዳልወጣ ተከልክያለሁ፤ በቤቴ ደጃፍም ጠባቂ ቆሟል። ይርጋ የቀሩትን ጆንያዎች ጭኖ ወደ ጋይንት ከተሻገረ ሰነበተ። ነገ አርብ እዚያ ገበያ ይቆማል፤ ሰው በእኔ አንበሳ አምኖ ይሸምታል። ወደዚያም መልእክተኛ ልኬያለሁ። የሚሰማው ይኑር አይኑር አላውቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን በየሰዉ ቤት ገብቷል፤ የምለቅምበት እጅ የለኝም።

ይህን የያዘው እንየው ጎረቤቴ ነው፤ እግሩ ፈጣን ነው። እሑድ እደርሳለሁ ብሎኛል፤ ሚካኤል ሰኞ ነው። ሲገባ የወፍጮ ድምፅ ከሰማ፣ እርስዎን ከመፈለጉ በፊት ወደ ወፍጮው ይሩጥ ብዬዋለሁ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከመንገዱ ይልቅ ይህ ወረቀት ማኅተም የሌለው መሆኑ ነው። የጭቃ ሹሙ አንድ ጊዜ ያለ ማኅተም የላከልዎን ወረቀት ሳያስነብቡ መልሰው፣ “ማኅተም የሌለው ወረቀት የማንም ነው” እንዳሉ አጠገብዎ ቆሜ ሰምቻለሁ። አጥቢያው ሁሉ ከዚያ ወዲህ በዚሁ ቃል ጸንቷል። አሁን በእጅዎ ሁለት ደብዳቤ አለ። ማኅተም ያለበት ሳትለቅሙ ፍጩት ይላል፤ ማኅተም የሌለው ቅበሩት ይላል። ሰዉ የቱን እንደሚያምን አውቃለሁ። “በቀለመ ወርቅ ሹመት የቀና ምቀኛ የጻፈው ነው” ብሎ ወፍጮውን ይቀጥላል።

ስለዚህ ሌላ ምልክት ልስጥዎ። እማሆይ የታመሙ ጊዜ መገበሪያውን እንድለቅም እኔን አዘዙኝ። ግማሹን ለቅሜ፣ ሲሰለቸኝ ያልለቀምሁትን ከለቀምሁት ጋር ቀላቅዬ ጨረስሁ አልሁዎ። እጅዎን እንቅቡ ውስጥ ከተቱ። ዓይንዎ ያን ጊዜም ደክሞ ነበር፤ በጣትዎ ዳስሰው አንዲት እንክርዳድ አወጡና መዳፌ ላይ አኖሯት።

“ቀለሜ፣ ይህችን አንተና እኔ ብቻ እንወቃት” አሉኝ።

አልተቆጡም። ሁሉንም እንደ ገና ስለቅም፣ እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ተቀምጠው ዳዊት ደገሙ። እርስዎ ለማንም አልተናገሩም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልተናገርሁም። ይህን የጻፈው ሌላ ሰው ቢሆን፣ ያችን እንክርዳድ ከየት ያውቃታል?

የኔታ፣ ያኔም ሳልለቅም ለቀምሁ ብዬዎት ነበር። ያኔ የእርስዎ ጣት ደረሰልኝ። ዛሬም ይድረስልኝ፤ ይነሡና ዕቃ ቤቱን ያስቆልፉ።

ያለ ማኅተም፣
እንክርዳዷን የሚያውቀው ልጅዎ
ቀለመ ወርቅ