በድንጋይ ላይ ስለቆመችው መኪናህ

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ ሰይዶ፣

ይህን ሰላምታ ቀብርህ አጠገብ ቆሜ ልልህ ይገባኝ ነበር። ግን ከቀበርንህ ወዲህ አልመጣሁም፤ ታጣቂዎች በያዟት መርሳ ከተማ ወጣት ወንድ ብቻውን ወደ ከተማው ዳር መውጣት ካቆመ ቆይቷል። ሦስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነህ። ከግቢያችን ሆኜ በፊዚክስ ደብተሬ ጀርባ ነው የምጽፍልህ። ትምህርት ስለሌለ ባዶ ገጽ ሞልቷል።

እማ ደህና ናት። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ መንገዱም በወልድያ በኩልም በደሴ በኩልም ዝግ ነው። ከግራና ገበያ ማሽላ መጣ ሲባል እሷ የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ ትወጣለች፤ እኔን ከበር አታሳልፈኝም። ቁመቴ ጨምሯል። ሱሪህን ሳላጥፈው ለብሼ ስታየኝ ፊቷን አዞረች።

መኪናህ እንደተውካት ናት። የፊት ሁለት ጎማዎቿ ወልቀው በድንጋይ ላይ ቆማለች። ታጣቂዎቹ ሁለት ጊዜ ገብተው አይተዋታል። ጎማዎቹ የት አሉ ብለው ሲጠይቁ እማ ሹፌሩ ዕቃ ሊገዛ ወልድያ እንደሄደ ነገረቻቸው። መቼ ይመለሳል ሲሏት አላህ ያውቃል አለች። የጎረቤቶቻችንን መኪኖች እየነዱ ወሰዱ። የአንተዋ ግን መሄድ ስለማትችል ተረፈችልን። ጎማዎቹ ከማገዶው ክምር ሥር ናቸው።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርህ። አንተን ባጣንበት ቀን ጠዋት ፍሬኗን ለማየት ጎማዎቹን አውልቀህ፣ “ና እስቲ ተማሪው፣ ፈትሽና ውጤቱን ንገረኝ” አልከኝ። እንዳስተማርከኝ ጥፍሬን ከጎማው ጋር ከሚዞረው የፍሬን ዲስክ መሃል ወደ ዳር ሳብኩት። ጠርዙ ላይ ያዘኝ። ፊቱ ላይ ክብ ክብ ቦይ ወጥቶበታል፣ ሳስቷልም። የፍሬን ሸራውን ብቻ መቀየር አይበቃም፣ እማን ይዘን የውጫሌን ቁልቁለት ከመውረዳችን በፊት ዲስኩም ይቀየር አልኩህ። ኮራ ብዬ ነው የተናገርኩት። በማግስቱ ማለዳ ወደ ደሴ ልንወጣ ነበር። ዲስኩን መርሳ ከተማ ውስጥ ስታጣው ወልድያ ሄድክ። ገዝተህ ስትመለስ ሲሪንቃ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። አንድ ባለ ባጃጅ አንተንም ዲስኮቹንም አመጣልን። ጀናዛህን የሸኘነው ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ የቀረው ሰው እየሸሸ ነበር። እማ በእግሯ ሩቅ መሄድ ስለማትችል እኛ ቀረን። በነጋታው ከተማው ተያዘ።

ይበቃል፣ ቀስ ብለህ ንዳ ብልህ ኖሮ ሁላችንም ደሴ ነበርን። ከእንቅልፌ ስነሳ የማስበው ይህን ነው። ግቢው ጠባብ ነው፣ በር ላይ ብቀመጥም ከጓሮ ብሆንም መኪናዋ ትታየኛለች።

ባለፈው ጁምዓ የመኪና ሙያውን ያስተማሩህ ጋሽ ይማም በአጥሩ በኩል መጡ። መንገዱ የተከፈተ ዕለት ጎማ ብቻ አስገብተን እንድንወጣ ዲስኮቹን ከአሁኑ እንግጠም አሉኝ። ሸራውን የሚይዘውን ብረት ፈትቼ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦው ክብደቱን እንዳይሸከም በሽቦ አንጠለጠልኩት። ይህንንም አንተ ነህ ያሳየኸኝ። አሮጌው ዲስክ ዝጎ ተጣብቆ ስለነበር ጋሽ ይማም በመዶሻ ዙሪያውን እየመቱ አላቀቁት። አዲሶቹ ላይ ያለው ዘይት በቤንዚን ነበር የሚጠረገው፤ ቤንዚን ከየት ይመጣል? በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅኳቸው።

ከዚያ አሮጌውን አንስቼ ሰጠኋቸውና ደሴ ያደርሰን እንደነበር ጠየቅኳቸው። አገላብጠው አዩት። እሳቸውም ጥፍራቸውን ሳቡበት።

“ያደርሳችሁ ነበር” አሉ። “በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ እያለ፣ ያደርሳችሁ ነበር።”

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደጠየቅኳቸው ያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ “ሰይድ የአንተን ቃል ብቻ ይዞ ነው የሄደው? ራሱ አልነካውም?” አሉኝ።

ነክተኸዋል ሰይዶ። እኔ ከተናገርኩ በኋላ ጎንበስ ብለህ ሁለቱንም ዲስኮች በጥፍርህ ሞክረሃል። እጅህን በጨርቅ ጠርገህ “ልክ ነህ” ያልከኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ሦስት ወር ሙሉ የምሰማው የራሴን ድምፅ ብቻ ነበር። ጋሽ ይማም እናቱን የጫነ ሰው በእንዲህ ያለ ዲስክ አይነዳም፣ እኔም ብሆን ልገዛ እሄድ ነበር አሉኝ። ቀለለኝ አልልህም። ሁለታችን አይተን ሁለታችን ተስማማን፤ የሄድከው ግን አንተ ብቻህን ነህ።

መኪናዋ አሁን አዲስ ዲስክ አላት፤ አሁንም ድንጋይ ላይ ናት። መንገዱ ቢከፈትም ማን እንደሚነዳት አላውቅም። ስንገጥም እማ በመስኮት ስታየን ነበር። ምን እንዳወራን ጠየቀችኝ፣ ስለ ዝገቱ ነው አልኳት። ስዋሻት የመጀመሪያዬ ነው።

ሰው ስምህን ሲያነሳ ሲሪንቃ ላይ የሞተው ይልሃል። እኔ ግን ጎንበስ ብለህ ዲስኩን ስትዳስስ ነው የማስታውስህ፤ ትልቅ ሰው ብሆንም እንደዚያው አስታውስሃለሁ። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ለእማ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ መጀመሪያ እኔ ያልኩህን፣ ቀጥሎ አንተ ያልከኝን፣ ዲስኩ ያደርሰን እንደነበርም። ብታለቅስም አልነሳም፣ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ወንድምህ ከድር